የመውጫ ሰዓት ያልተጻፈላት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለየሱፍ፣ ደጋን።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሐኪሙ ያዘዘልህን ቀበቶ ታስረዋለህ ወይስ እንደምገምተው ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለኸዋል? የልጆቹ እናት አይሹ እንዴት ናት? ሙስዓብ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? የኸባብስ የፊት ጥርስ በቀለለት? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው፤ ቆማ ትሰግዳለች ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ናት? እንዲህ አንድ በአንድ የምጠይቅህ በስልክ ሲሆን "ሁሉም ደህና ነው" ብለህ ቤተሰቡን በሙሉ ባንድ ጨርቅ ስለምትጠቀልልብኝ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ብርዱ ባለፈው ሳምንት ከዜሮ በታች ሠላሳ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከተራራው በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ መጥቶ በረዶው ከጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል። የዚህ አገር አየር ልክ እንዳንተ ነው፤ ጧት ያኮርፋል፣ ከሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይስቃል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፏ ምን ሆና ነው ትል ይሆናል። በስልክ ብነግርህ አንተ ድምፁን እስከ ላይ ከፍተህ ነው የምታወራው፤ እማዬ ከጎንህ ሆና ትሰማለች። በቴሌግራም ብጽፍልህ ደግሞ ሙስዓብ ስልክህን እንደሚበረብር አውቃለሁ። ፊርደውስ የፊታችን ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ስለምትሄድ በእጇ ልኬልሃለሁ። አደራህን ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለእማዬ ከዚህ ውስጥ የቱን እንደምትነግራት፣ የቱን እንደምታስቀርባት አንተ ትመርጣለህ።

ነገሩ የኸውላ ነገር ነው። አራት ወር ሙሉ መልስ ስትጠብቅ እኔ ስለ አየሩ ሳወራልህ ከርሜያለሁ፤ ታውቃለህ፣ አውቃለሁ። "እህታችን ባሕር ለመሻገር ከወጣች ሰባት ዓመት ሞላት፣ ድምጿ የለም፣ አስከሬን ባይኖርም ሶላተል ጋኢብ ይሰገድላት፣ ሰደቃዋም ይውጣ፤ ዘመዱ ሁሉ ተስማምቷል፤ እማዬ ግን ነጅላ እሺ ካለች ብቻ ነው አለች" ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ እሺም እንቢም አላልኩህም። ግትር ናት ብለህ ትተኸኛል። ግትርነት ብቻ አልነበረም፤ ምን እንደነበረ አሁን እጽፍልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራዬን ላስረዳህ፤ ያለ እሱ የሚከተለው አይገባህም።

ለሰው ስትነግር "ካናዳ ስልክ ታነሳለች" እንደምትል ሙስዓብ ነግሮኛል። እውነት ነው፣ ብዙ ዓመት አንስቻለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አላነሳም፤ የሚያነሱት ሰዎች ስንት መሆን እንዳለባቸው የምገምተው እኔ ነኝ። ድርጅታችን የቤት ማሞቂያ የሚጠግን ነው፤ ቢሯችን ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘን ሰፈር፣ የመለዋወጫ መጋዘን ፎቅ ላይ ነው። እዚህ አገር በክረምት የአንድ ቤት ማሞቂያ ከቆመ ቀልድ የለም፤ ቧንቧው ይፈነዳል፣ ሕፃኑ ይታመማል፣ ሽማግሌው ብቻውን ይደርቃል። ስለዚህ የሚደውለው ሰው ስልኩ ቶሎ ሊነሳለት ይገባል። የኔ እንጀራ ይሄ ነው።

ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፤ አንተ ነጋዴ ነህ፣ ትወደዋለህ። በብርድ ሰኞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል አርባ ሰው ይደውላል እንበል፤ ይህን ካለፉት ዓመታት መዝገብ አየዋለሁ። አንዱን ማስተናገድ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ በስድስት ሁለት መቶ አርባ ደቂቃ ነው። አንዲት ሠራተኛ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያላት ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ እንግዲህ ስምንት ሰው ይበቃል ትላለህ። አይበቃም። ሰው ተራ ይዞ አይደውልም፤ አንዴ አሥሩ ባንድ ደቂቃ ይመጣል፣ አንዴ ጭር ይላል። ጭር ያለው ደቂቃ ተመልሶ አይመጣልህም፤ የተሰለፈው ግን እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ዘጠኝ ትላለህ። ከዘጠኙ ደግሞ አንዷ ትታመማለች፣ አንዱ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ አንዷ ልጅሽን ከትምህርት ቤት ውሰጂ ትባላለች። ስለዚህ አሥራ አንድ ትላለህ። እኛ ያለን አሥር ነበር።

ይህን ሥራ የተማርኩት ከኮርስ ሳይሆን ከእማዬ ነው ብልህ እንዳትስቅ። ሰርግና ሰደቃ ሲኖር ጎረቤቱ ሁሉ እሷን የሚጠራት ምን ያህል ምግብ እንደሚበቃ በዓይኗ ስለምትለካ አይደለም? ማን ብዙ እንደሚበላ፣ ማን ልጆቹን አስከትሎ እንደሚመጣ፣ ማን ሳይጠራ እንደሚመጣ ሁሉ ታውቃለች። ግን ሰውን በቁጥር አትጠራም፤ ልጆችሽ ስንት ናቸው ያላትን ሁሉ ትቆጣ ነበር። ቆሎ እንኳ ስታድለን "ለሦስት" ብላ አታውቅም። የሱፍ፣ ነጅላ፣ ኸውላ፤ በስም ነበር፣ ኸውላ ሁልጊዜ መጨረሻ። ኸውላ ከሄደች በኋላም ያቺን የመጨረሻ ድርሻ ትለያለች አሉ። አይሹ በስልክ ሹክ ብላኛለች፤ አትቆጣት።

እኔም የእማዬ ልጅ ነኝና ስህተቴ ከዚያ መጣ። የክረምቱን እቅድ የሠራሁት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የአሥሩን ሠራተኞች ስም እየጠራሁ አንድ በአንድ ጻፍኩ። አሥራ አንደኛው ተራ ገና ላልተቀጠረ ሰው የተተወ ነበር፤ ስም ካልተጻፈበት ግን ኮምፒውተሩ አይቀበልም። ሌላ ሰው ቢሆን "አዲስ" ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ስም እየጠራሁ መጨረሻው ላይ ስደርስ አፌ የለመደውን አለ፤ እጄም ተከተለው። ኸውላ ብዬ ጻፍኩ። ሳየው ደነገጥኩ። ላጠፋው ብዬ ጣቴን አነሳሁና አልቻልኩም። ስሟን ጽፌ ካየሁት ስንት ዓመቴ! ተይው፣ ማን ያየዋል አልኩና ተውኩት። መግቢያ ሰዓት በሚለው ላይ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ብዬ ሞላሁ። መውጫ ሰዓት የሚለውን፣ የሚቀጠረው ሰው ሙሉ ቀን ይሥራ ግማሽ ቀን ስላልታወቀ፣ ባዶ ተውኩት።

ኅዳር ላይ ብርዱ ገባ። አሥር ሰው ነበረን፣ ሂሳቤም አሥር አይበቃም ይላል። ስልኩ ግን ሃያ ሰከንድ ሳይሞላው ይነሳል። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ሁለቱ ሠራተኞች በጉንፋን በቀሩበት ቀንም። አለቃዬ ሃርፕሪት የፑንጃብ ሰው ናት፤ እዚሁ ካስልሪጅ ከኛ ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "ነጅላ፣ ዩ አር ኤ ጂኒየስ" አለችኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ወንድሜ፣ በሥራዬ እንደምኮራ ታውቃለህ፤ ግን ሂሳቡ አይበቃም እያለ ነገሩ ያለ ምንም ምክንያት ሲሠምር ደስ አይልም። ከየት መጣ ብለህ ትጠይቃለህ።

የወሩን ሪፖርት ስከፍት አየሁት። አሥራ አንደኛው ተራ ላይ ዜሮ መሆን ነበረበት። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ጥሪ ይላል። ኸውላ፣ ስድስት መቶ አርባ ሁለት። የገባችበት ሰዓት፣ ጥቅምት አምስት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። የወጣችበት ሰዓት፣ ባዶ። ከጎኑ የሥራ ሰዓቷ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይጨምራል። ቢሮው የሚዘጋበትን ሌሊት፣ ማንም የማይመጣበትን ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ቆጥሯል። ከዚያች ጧት ጀምሮ አልወጣችም ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን የሚጠግንልን ኪራኮስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጠራሁትና አሳየሁት፤ ስሙ የማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ሲስተሙ ተሳስቶ ነው፣ ባግ ነው አለኝ፤ ለዚያ ተራ የይለፍ ቃል እንኳ አልተሰጠውም፣ ለእሱ የተመደበው የመስኮቱ ዳር ባዶ ወንበር ላይም ማዳመጫ አልተሰካም አለ። ሊሞክረው ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አፍታም አልቆየ፣ ብድግ አለ። ወንበሩ እርጥብ ነው አለኝ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር። የሙቀቱ መውጫ ደግሞ ልክ ከእግሩ ሥር ነው፤ ከቢሮው ሁሉ የሚሞቀው ቦታ እሱ ነው። ኪራኮስ ሱሪውን እያራገፈ ሳቀ፣ ሲሄድ ግን ሲያማትብ አየሁት።

ከዚያ ወንበር አጠገብ የምትቀመጠው ማክዳ ናት። ከሁላችንም አዲሷ ቅጥር እሷ ናት፤ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ፣ ሲበዛ ትሑት ልጅ። መጀመሪያ ላይ ቦርሳዋንና ካፖርቷን ባዶው ወንበር ላይ ታስቀምጥ ነበር። ከኅዳር ወዲህ መሬት ላይ ታደርገዋለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት "እኔንጃ እትዬ ነጅላ፣ ሰው ያለበት ነው የሚመስለኝ" አለችኝ። እትዬ ስትለኝ ሁልጊዜ እቆጣታለሁ፤ ያን ቀን መቆጣቱም ጠፋኝ።

ከዚያ ልቤ አላርፍ አለኝ። ጥሪው ሁሉ ስለሚቀዳ ከእሷ ተራ አንዱን ከፍቼ አዳመጥኩ። ሬድስቶን ከሚባለው አዲስ ሰፈር የደወለ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር። የሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ማሞቂያዬ ቆመ ይላል፤ ዝም ይላል። አዎ፣ ብርድ ልብስ ለብሻለሁ ይላል፤ ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ ምንም የለም፤ የመስመር ሽውታ እንኳ የለም። ሰውየው ግን ልክ በሚመለስለት ሰዓት ይመልሳል፣ ይስቃል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል። እንዲህ እያለ አርባ ደቂቃ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጠጋኙ በሩን ሲያንኳኳ ይሰማል። ሽማግሌው "አንቺስ ልጄ፣ መቼ ነው የምትወጪው?" ብሎ ጠየቀ። ዝም። ከዚያ ቀስ ብሎ "ኦ" አለ፣ ደግሞም "ኦ፣ አዝናለሁ" አለና ዘጋው።

ሦስት ቀን ታገስኩ፣ በአራተኛው ለአስተያየት ነው ብዬ ደወልኩለት። አስታወሳት። እንደ እሷ ያለ አላጋጠመኝም አለ። ጠጋኙ እስኪመጣ ስልኩን አትዝጋው፣ አብሬህ እቆያለሁ አለችኝ አለ። አነጋገሯ እንዳንቺ ነው አለኝ። ወንድሜ፣ ኸውላ ከሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አልፋ አታውቅም፤ በምን ቋንቋ እንዳወሩ አልጠየቅኩትም፣ ፈራሁ። መቼ ትወጫለሽ ስትላት ምን አለችህ ብዬ ግን ጠየቅኩት። "የሚነግረኝ የለም፤ ቆዪኝ ተብዬ ነው አለችኝ" አለ። ከዚያም ያቺን ልጅ እባካችሁ ቤቷ ስደዷት ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን የሱፍዬ፣ የምጽፈውን ስታነብ ተቀመጥ።

ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለህ። የጎረቤታችን ልጅ ሩቂያና ኸውላ ባንድ ቀን ከቤት ወጥተው፣ ባንድ መኪና ሄደው፣ ባንድ ባሕር ዳር አድረው፣ ሩቂያ ተሻግራ ዛሬ ጅዳ ቤት ይዛ ስትኖር ኸውላ እንዴት ቀረች? ለምን ተለያዩ ትላለህ። ሩቂያም ጀልባው ላይ ስወጣ ከኋላዬ መስላኝ ነበር ከማለት ሌላ አታውቅም። መልሱ እኔ ዘንድ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ዘንድ ነበር።

ያን ጊዜ እኔ እዚሁ ድርጅት ስልክ አነሳ ነበር። ወንበሬም ያው የመስኮቱ ዳር ወንበር ነበር። የራስን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ ግን ሒጃቤ ውስጥ ከጆሮዬ ጋር አጣብቄ እይዘው ነበር፣ እዚህ ያለን ሴቶች ሁላችን እንደምናደርገው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። በቀኝ ጆሮዬ ማሞቂያው የቆመበት ደንበኛ ይጮሃል፤ በግራ ጆሮዬ ኸውላ ናት። "እህቴ፣ ባሕሩ ጋ ደርሰናል፣ ፈራሁ፣ ልሂድ ወይስ ልመለስ?" አለችኝ። ከኋላዋ ውሃው ይሰማል። ወደ አለቃዬ በኩል እያየሁ፣ አፌን ሳላንቀሳቅስ "ኸውሊ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቆዪኝ፣ ስወጣ እደውላለሁ" አልኳት። "እሺ፣ እቆያለሁ" አለችኝ። ሁለት ደቂቃ ብወስድ ኖሮ ምን እሆን ነበር? ምንም። ቢበዛ አንድ ማስጠንቀቂያ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ያነሳው የደላላው ሰው ነው። ያቺ ልጅ እህቴ ትደውላለች ብላ የመጀመሪያዋን ጀልባ አሳለፈች አለኝ፤ ብንለምናትም አልሰማችንም፣ ስልኩን ይዛ ቁጭ አለች፣ በመጨረሻ ግን ሁለተኛዋ ልትሄድ ስትል ጎትተን አስገባናት አለ። የመጀመሪያዋ ጀልባ የሩቂያ ናት። ሁለተኛዋ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

ይህን ሰምቼ ነው ለእናንተ "ድምጿን አልሰማሁም" ያልኩት። ይህን ይዤ ነው እማዬ ስታለቅስ በስልክ ያጽናናኋት። ሶላቱ ይሰገድ ስትሉኝ መልስ የከለከልኳችሁ ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ከተሰገደላት አበቃ፣ መልሼ ሳልደውልላት ቀረሁ ማለት ነው ብዬ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልወጣሁም፣ ገና እደውላለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰባት ዓመት ቆየሁ። እሷም ቆየች።

ሙታን ስልክ እንደማያነሱ አውቃለሁ፤ የተማርኩትን አልረሳሁም። ወንበሩ ላይ ያሲን ቀርቻለሁ፣ ቢሮው ውስጥ በልቤ ኣየተል ኩርሲ ስል እውላለሁ። ጂን ነው ትለኝ ይሆናል። ኪራኮስ እንዳለው ባግ ነው ትለኝ ይሆናል። ሁለቱንም አልከራከርህም። እኔ የማውቀው ቆዪኝ ያልኩት እኔ እንደሆንኩና አትቆዪኝ ያላልኩትም እኔ እንደሆንኩ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሃርፕሪት አስጠራችኝ። አሥር ሰው ከበቃሽ አሥራ አንደኛውን ተራ አጥፊው አለችኝ፤ ቁጥሩ እንዲህ ካማረ እንዲያውም ዘጠኝ ይበቃናል፣ የመጨረሻዋን ቅጥር እናሰናብታለን አለች። የመጨረሻዋ ቅጥር ማክዳ ናት። የሞተች እህቴ የሠራችው ሥራ በሕይወት ያለችውን ሊያስወጣት ነው። የሞተች ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለሃርፕሪት ግምቴ አሥራ አንድ ነው፣ ያለነው አሥር ነን፣ አንድ ሳምንት ስጪኝና ታያለሽ አልኳት። በምን ልታሳዪኝ ነው ብትለኝ ምን እመልስ እንደነበር አላህ ይወቅ። አልጠየቀችኝም።

ተራውን አላጠፋሁትም። ስሟን በእጄ አላጠፋም። ትናንት ዓርብ ጧት ሰንጠረዡን ከፍቼ፣ ሦስት ወር ባዶ የቆየችውን ቦታ ሞላሁላት። መውጫ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት። እኔ ያን ቀን የወጣሁበትን ሰዓት ነው የጻፍኩላት።

ዓርብ ሰው ቶሎ ይበተናል። የታችኛው መጋዘን ሠራተኞች በዘጠኝ ተኩል ወጡ፤ የእኛም ሰዎች ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማዳመጫቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ማክዳ ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ ተሰናበተችኝና ሄደች። መስኮቱ ላይ ውጭው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እኔ ወንበሩ አጠገብ ቆምኩ። ጀርባው ወደኔ ነበር። ምን እንደምል ሳላዘጋጅ ሄጄ ነበርና የመጣልኝን ተናገርኩ። ኸውሊ፣ ይኸው ወጥቻለሁ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ መልሼ ሳልደውልልሽ ቀረሁ፣ ዐፉ በይኝ፣ ከእንግዲህ አትቆዪኝ አልኳት። እንደ እብድ ባዶ ቢሮ ውስጥ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ።

የሆነውን እንዳየሁት እጽፍልሃለሁ፣ አንድም አልጨምርም። ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ፤ ሰው ሲነሳ እንደሚዞረው ነው። ከዚያ ምንም። አንተ ይህን አታውቀውም፣ የመጋዘኑ መብራቶች ሰው ሲያልፍባቸው ነው የሚበሩት፤ ሰው ከሌለ ጨለማ ነው። ከፎቁ ሆኜ በመስታወቱ ቁልቁል አየሁ። ከደረጃው ሥር ያለው መብራት በራ። ቀጥሎ ያለው በራ። እንዲህ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ በመደርደሪያዎቹ መሐል እስከ ውጭው በር ድረስ በራ። በሩ ጋ ሲደርስ የመጨረሻው መብራት ትንሽ ቆየ። ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ያለ መሰለኝ፤ እጄንም አነሳሁ። ከዚያ ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፉ። ወንበሩን ዳሰስኩት። ሙቅ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ጧት ከቤቴ ሆኜ ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ሰዓቷ ቆሟል። የወጣችበት፣ ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይላል። ሰኞ እንግዲህ አሥር ሰው አለን፣ ሂሳቤም አሥራ አንድ ነው፤ ስልኩ ይዘገያል፣ ሃርፕሪት ትጮሃለች፣ ማክዳም ሥራዋ ላይ ትቆያለች፣ ምናልባት አንድ ሰው እንቀጥራለን። ይሁን። ሰው ቢቆጣኝ ይሻለኛል።

ወንድም ጋሼ፣ ሶላተል ጋኢቡን አሰግዱላት። ሰደቃዋን አውጡ። ለእማዬ ነጅላ እሺ ብላለች በላት። የስልኩን ነገር ልትነግራት ብትፈልግ ንገራት፤ ከከበዳትም እኔ በረመዳን መጥቼ እግሯ ሥር ተቀምጬ እነግራታለሁ። አንተ ግን ካነበብክ በኋላ ከተናደድክብኝ ደውልና ተቆጣኝ፤ ዝም እንዳትለኝ ብቻ። ስልክህን ሥራ ላይም ብሆን አነሳዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤተሰብ የመጣ ስልክ ሳላነሳ አልፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምንህ። በሰደቃው ቀን እማዬ ራሷ ታድል፣ እንደ ልማዷ በስም። የሱፍ ትበል፣ ነጅላ ትበል፣ ኸውላ ትበል። ያቺን የመጨረሻዋን ድርሻ ግን ከድና አታስቀምጣት። በር ላይ መጀመሪያ ለሚያልፈው መንገደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንተ በእጅህ ስጠው። ሲበላም አጠገቡ ቁም። ሲጨርስ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀውና መንገዱን አሳየው።

የእማዬን ጉልበት በኔ ስም ሳምልኝ፤ ለወገብህ የላክሁት ቅባት ከፊርደውስ ጋር ነው፣ ማታ ማታ ተቀባ። አይሹን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ጥቁሩ ሻርፕ የሷ ነው፣ ለማንም እንዳትሰጥብኝ። ሙስዓብን ስልክህን መበርበር ይተው በለው። የኸባብን አዲስ ጥርስ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ለሩቂያ እናትም ሰላምታዬን አድርስ፤ ልጇን አልተቀየምኩም፣ ተቀይሜም አላውቅም በላት።

እህትህ ነጅላ
ካስልሪጅ፣ ካልጋሪ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.